በአንድ አኃዝ የሚፈረድበት ትምህርት ቤት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን፣ በጎጃም ከዱርቤቴ ገበያ እስከ ቡሬ መናኸሪያ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ወላጁም ነጋዴውም ካህኑም የመንግሥት ሠራተኛውም የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ከእናንተ ስንት አለፈ?» የሚለው ነው። መልሱ እንደ ተሰማ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ ወይም ሁለት ወረዳዎች፣ ወይም ወንዶችና ሴቶች ጎን ለጎን ይቆሙና፣ ብዙውን የያዘው ወገን ይመሰገናል፣ ጥቂቱን የያዘው ይነቀፋል፤ የመምህራኑም ስም በዚያው ይነሣል ወይም ይወድቃል። ፈራጁ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ማስረጃው ስላልተሟላለት፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ፍርድ የሚጎዳው ያልበደለ ሰው ነው።

ዐሥር ዐሥር ተማሪዎች ያሉባቸው ሁለት ምድቦች አሉ እንበል። የ«ሀ» ምድብ ተማሪዎች ከመቶ ያገኙት 24፣ 26፣ 27፣ 28፣ 29፣ 30፣ 31፣ 33፣ 80 እና 92 ነው፤ የ«ለ» ምድብ ደግሞ 34፣ 36፣ 37፣ 39፣ 40፣ 41፣ 42፣ 43፣ 44 እና 44። የሁለቱም ድምር 400፣ አማካያቸውም 40 ነውና፣ በአማካይ የሚፈርድ ሰው እኩል ናቸው ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ስንት አለፈ ብሎ የሚጠይቀው ግን፣ ማለፊያው 50 ስለሆነ፣ ከ«ሀ» ሁለት ማለፋቸውን፣ ከ«ለ» አንድስ እንኳ አለማለፉን አይቶ የ«ለ»ን መምህር ይወቅሳል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ተማሪዎቹን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው አሰልፎ፣ በሰልፉ መካከል ያለውን ውጤት፣ ባለሙያዎች ሚዲያን የሚሉትን፣ ቢፈልግ በ«ሀ» 29.5፣ በ«ለ» 40.5 ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚህ ሚዛን የ«ለ» መካከለኛ ተማሪ የ«ሀ»ን በ11 ነጥብ ይበልጠዋል። ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደ ተበታተኑ የሚለካው መደበኛ ልይይትም በ«ሀ» 23 ገደማ፣ በ«ለ» 3 ገደማ ነው። እኔ ልጅ የማስገባበትን ክፍል ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት «ለ»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በ«ሀ» ሁለቱ ሲከብሩ ስምንቱ ተረስተዋል፣ በ«ለ» ግን መምህሩ ክፍሉን ሁሉ ይዞ ተጉዟል። ሆኖም በየዓመቱ በአደባባይ የሚነገረው መለኪያ የ«ለ»ን መምህር ባዶ እጁን የቀረ ያደርገዋል።

ከምሳሌው ወደ እውነተኛው አኃዝ ስንመለስ፣ የ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና፣ ስርቆትና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተፈተኑት፣ ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጽ፣ ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተሰምቶ ሀገር ደነገጠ። በሁለቱ የትምህርት ዘርፎች ሲከፈልም፣ ከተፈጥሮ ሳይንስ 339,642 ተፈታኞች 22,936 ሲያልፉ (6.8 በመቶ)፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ 556,878 ተፈታኞች ያለፉት 6,973 (1.3 በመቶ) ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው የተፈጥሮ ሳይንሱ ተማሪ ከማኅበራዊ ሳይንሱ አምስት እጥፍ ይበልጣል ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን የማለፊያው መሥመር አብዛኛው ተማሪ ከቆመበት ስፍራ እጅግ ሲርቅ፣ በመካከሉ ያለ መጠነኛ ልዩነት በመሥመሩ ላይ ገዝፎ ይታያል። ለአብነት ያህል፣ የሁለቱም ወገን ውጤት በደወል ቅርጽ የተከፋፈለ፣ መደበኛ ልይይቱም 10 ነጥብ ነው ብለን ብናሰላ፣ 6.8 በመቶ ያሳለፈው ወገን አማካይ ወደ 35፣ 1.3 በመቶ ያሳለፈው ወደ 28 ይሆናል። ሰባት ነጥብ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ አምስት እጥፍ ግን ፈጽሞ አይደለም።

በቀጣዩ ዓመት ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ መሆናቸው ሲነገር፣ እኔን ያሳዘነኝ የአኃዙ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ተማሪዎቹ በሙሉ 45 አካባቢ የደረሱበት ትምህርት ቤትና ተማሪዎቹ በሙሉ 20 የቀሩበት ትምህርት ቤት በአንድ ዜሮ ውስጥ መቀበራቸው ጭምር ነበር። በደቡብ አቸፈር ገጠር ተወልዶ፣ ዱርቤቴ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተ ሰቡ እየተሸከመ፣ ሲመሽ ራቱን ራሱ አብስሎ የሚያጠና ልጅ 42 ቢያመጣ፣ መጻሕፍትና አስጠኚ በቤቱ ካለው የከተማ ልጅ 52 ጋር ሲነጻጸር ማን የበለጠ መንገድ እንደ ሄደ የሚያውቀው፣ ሁለቱ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ምን ላይ እንደ ነበሩ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። የአቸፈር ገበሬ እንኳ የሜዳውንና የተረተሩን ማሳ በቆሎ ሲያነጻጽር፣ አፈሩንና ማዳበሪያውን ሳይጠይቅ አንዱን ባለማሳ ሰነፍ አይለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሌለው ተማሪ ጉዳይ ነው። ያለፉት ተማሪዎች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እድገቱም ደስ ያሰኛል። የተፈታኞቹ ቁጥር ግን በ2014 ዓ.ም. ከነበረው 896,520 በ2017 ዓ.ም. ወደ 585,882 ወርዷል። ያለፉት ራሳቸው ከ29,909 ወደ 48,929 ከፍ ማለታቸው እውነተኛ መሻሻል ስለሆነ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም፤ ነገር ግን እነዚሁ 48,929 ለቀድሞው ተፈታኝ ብዛት ቢካፈሉ ድርሻው 5.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆች ከፈተናው ብቻ ሳይሆን ከክፍሉም ጠፍተዋል። የቀረ ልጅ ዜሮ አይጻፍለትም፣ ከአማካዩም አይቀነስም፤ እንዲያውም ደካሞቹና ችግረኞቹ የቀሩበት ክፍል አማካዩ ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ ጥፋቱ እንደ ውጤት ሊቆጠር ይችላል። በሰላም የተማረን ወረዳና በተኩስ መካከል የተማረን ወረዳ በመቶኛ አቁሞ ማወዳደር እኔ እንደማስበው ግፍ ነው።

የትንንሽ ቁጥር ነገርም አለ። ከ30 ተማሪዎች አንድ ያሳለፈ ትምህርት ቤት ምንም ካላሳለፈው በልጧል ማለት ብዙ ጊዜ ዕድልን እንደ ብቃት መቁጠር ነው። በደብሊን ከተማ የጊነስ ቢራ ጠማቂዎች ባልደረባ የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ጎሴት፣ ከጥቂት ናሙና ብቻ እንዴት ሊፈረድ እንደሚችል ሲመረምር ኖሮ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሁለት ወገኖችን ለማነጻጸር የሚያገለግለውን ስሌት አስገኘ፤ ድርጅቱ በስሙ እንዲያሳትም ስላልፈቀደለትም «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነበር ያወጣው።

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ የእያንዳንዱን ደቀ መዝሙር ቅኔ መምህሩ ለብቻው ሰምቶ ያርማል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተማሪን ግን እንዲህ መስማት ስለማይቻል ያለ አኃዝ አንሠራም። ስለዚህ የወረዳና የዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ርእሳነ መምህራንም፣ ውጤት ሲለጥፉ ከአላፊዎቹ ቁጥር ጎን ስንት ተማሪ ዘጠነኛ ክፍል እንደ ገባ፣ ስንት ለፈተና እንደ ተመዘገበ፣ ስንት እንደ ተፈተነ፣ አማካዩን፣ ሚዲያኑን፣ የታችኛው ሩብ የሚያበቃበትንና የላይኛው ሩብ የሚጀምርበትን ነጥብ፣ ይህንኑም ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ ቢጽፉ እማጠናለሁ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሰጠው ውጤት በሮስተሩ፣ ማለትም በውጤት መዝገቡ ላይ አለ፣ የብሔራዊ ፈተናውም በየተማሪው ስም ይደርሳል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ስሌት ለአንድ የሒሳብ መምህር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። በመጪው የውጤት ሰሞን ከዱርቤቴ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም አንዱ ትምህርት ቤት ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቢለጥፍ፣ ሌሎቹም ተማሪዎቻቸውን በዚያው ሚዛን እንዲመዝኑ ወላጆች ራሳቸው ይጠይቃሉ።