ድምፅ ማኅተም አይደለም

በአራዳ የንግድ ሰፈር ድምፅ ከጥንት ጀምሮ እንደ ማኅተም ሲያገለግል ኖሯል። የፒያሳ ወርቅ ነጋዴ ደንበኛውን፥ አስመጪው ወኪሉን፥ ገንዘብ ያዡም ጌታውን በስልክ ድምፁ ብቻ ያውቀዋል፤ «እኔ ነኝ፤ ለእገሌ ይህን ያህል ላክለት» የተባለ እንደ ሆነ፥ ወረቀት ሳይጠየቅ ገንዘቡ ይላካል። ይህ መተማመን ብዙ ድካምና ብዙ ጊዜ ያተረፈ፥ የሰፈሩም ንግድ እንዲፋጠን የረዳ ነው። ዳሩ ግን ድምፅ ራሱ የሚሰረቅበት ዘመን ስለ ደረሰ፥ ይህን ልማድ እንደገና መመርመር ለነጋዴው ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ብዙ ጠቃሚ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን በአጭበርባሪ እጅ የገባ እንደ ሆነ፥ ከአጭር የተቀዳ ንግግር ተነሥቶ የአንድን ሰው ድምፅ አስመስሎ ሊያናግር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቅጂ ሩቅ አይደለም፤ ባለሱቁ ዕቃውን ለማስተዋወቅ በቲክቶክ ያወጣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወይም በቴሌግራም የላከው የድምፅ መልእክት ይበቃል። ደብዳቤም ቢሆን እንደ ቀድሞው በቋንቋው ስሕተት አይጋለጥም፤ የውጭ አገር አቅራቢ የጻፈው የሚመስል ንጹሕ ደብዳቤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋጃል።

ነገሩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት፥ አጭበርባሪዎች የያኔውን የኮሚሽኑን ሊቀ መንበር የሙሳ ፋኪ ማሐማትን መልክና ድምፅ አስመስለው ለአውሮፓ መንግሥታት ሹማምንት በቪዲዮ እንደ ደወሉ በ2023 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ የምሕንድስና ኩባንያ በሆንግ ኮንግ ከፍ ያለ ጉዳት ደረሰበት። አንድ ሠራተኛ ምስጢራዊ ክፍያ እንዲፈጽም በደብዳቤ ሲታዘዝ በመጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር፤ በኋላ ግን በቪዲዮ ስብሰባ የገንዘብ ኀላፊውንና ባልደረቦቹን ያየ ስለ መሰለው ጥርጣሬውን ተወ። በ15 ጊዜ ክፍያም 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር፥ ይኸውም ወደ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ላከ። በስብሰባው ላይ የታዩት ሰዎች ሁሉ ሐሰተኞች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በአዲሱ መሣሪያ ማላከክ አይገባም። ኢትዮጵያን የነካ፥ ከመሣሪያው በፊት የሆነ ምሳሌ አለ። በ2001 ዓ.ም. አጭበርባሪዎች የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክን ሹማምንት ፊርማ የሚመስል ፊርማ ያለባቸውን ሰነዶች አዘጋጅተው ኒው ዮርክ ለሚገኘው ለሲቲባንክ አቀረቡ፤ ብሔራዊ ባንኩ በዚያ ካለው ሒሳብም ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች እንዲተላለፍ አደረጉ። ሲቲባንክ ዝም ብሎ አልከፈለም፤ ለማረጋገጥ ስልክ ደውሏል። ነገር ግን የደወለበት ቍጥር አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ከሰነዱ ጋር የላኩት ስለ ነበር፥ «አዎን፥ እኛ ነን» ብለው የመለሱለት ሌቦቹ ነበሩ። ታላቁ ባንክ በኋላ ገንዘቡን ለባለቤቱ ተክቷል፤ የአራዳ ባለሱቅ ግን እንዲህ ያለ ተኪ የለውም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ጠያቂው በሰጠው ቍጥር መልሶ ጠያቂውን ማረጋገጥ ማረጋገጥ አይባልም። ድምፅና መልክ ማስረጃ መሆናቸው በቀረበት በዛሬው ጊዜ ይህ ትምህርት ከበፊቱ ይልቅ ይጠብቃል።

በተለይም ለፒያሳ ነጋዴ ጕዳዩ የቅርብ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ በዚያ ይነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። «አድራሻችን ተለውጧል» የሚል መልእክት እውነተኛ በሆነበት ሰፈር፥ «የባንክ ሒሳባችንም ተለውጧል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ከእውነተኛው መካከል ተሸሽጎ በቀላሉ ያልፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የንግድ ቤት የአቅራቢዎቹንና የደንበኞቹን ስልክ ቍጥርና የባንክ ሒሳብ ቀድሞ በመዝገብ ጽፎ ይያዝ። የሒሳብ ለውጥ የሚያስታውቅ ማናቸውም መልእክት ሲመጣ፥ በመዝገቡ በሚገኘው በአሮጌው ቍጥር ደውሎ ሳያረጋግጥ አንዲት ሳንቲም አይላክ። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ክፍያ የሁለት ሰዎች ፈቃድ ይኑረው። በሱቅ የሚሸጠውም ነጋዴ ገዢው በስልኩ የሚያሳየውን የክፍያ ደረሰኝ ሥዕል አይመን፤ በቴሌብርም ይሁን በባንክ የተከፈለውን ገንዘብ በራሱ ሒሳብ መግባቱን አይቶ ዕቃውን ያስረክብ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ከጌታው የሚጠበቀው ነው። አጭበርባሪው የሚተማመነው በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ጌታውን በመፍራቱም ጭምር ነው። «ቶሎ በል፤ ለማንም እንዳትናገር» የሚል የታወቀ ድምፅ ሲሰማ፥ ስልኩን ዘግቶ መልሶ ለመደወል የሚደፍር ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ አንድ ጊዜ «አታምነኝምን?» ተብሎ የተቈጣው ሠራተኛ በሁለተኛው ጊዜ አይጠይቅም። እንግዲያው የንግድ ቤቱ ባለቤት «እኔም ራሴ ብደውል አረጋግጡ» የሚል ትእዛዝ በጽሑፍ ይስጥ፤ የሚያረጋግጠውንም ሠራተኛ ያመስግነው እንጂ አይገሥጸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለጌታ ብቻ አይደለም፤ ለሎሌም የመጠርጠር ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ይህ ሥርዐት ሥራን ያዘገያል የሚሉ አይጠፉም። እውነት ነው፥ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በእውነት የሚነግድ አቅራቢም አንድ ተጨማሪ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ገበያውን አይተውም። በመልሶ መደወል የሚቈጣ ቢኖር፥ ቍጣው ራሱ የጥርጣሬ ምክንያት ነው።

በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማጭበርበር በአዋጅ ቍጥር 958/2008 ወንጀል ሆኖ ተደንግጓል። ሆኖም ሕግ የሚቀጣው የተያዘውን ነው፤ ገንዘቡ በብዙ ሒሳቦች ከተበተነ በኋላ መመለሱ አስቸጋሪ ነው። የተታለለ ነጋዴ ኀፍረት ይዞት ዝም ቢል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ባወቀባት ደቂቃ ለባንኩ፥ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት፤ ለጎረቤቱ ነጋዴም ይንገር።

የአራዳ ልጅ አይታለልም ይባላል። አባባሉ እውነት ሆኖ እንዲኖር፥ አራዳ ከእንግዲህ ወዲያ ጆሮውን ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም ይመን።