የጎረቤት ገመና

የትራንስጀንደር ሰዎች ነገር ሲነሣ «ይህ ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ነው» ማለትን የሚያዘወትሩ ሰዎች በጌዴኦ ከምትገኘው ከገደብ በስተ ምዕራብ እስከ ደቡብ ኦሞ ተጉዘው የማሌን ሕዝብ ሽማግሎች ቢጠይቁ ኖሮ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩና «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች በቀድሞ ዘመን በካቲው፣ ማለት በንጉሣቸው፣ ግቢ ይኖሩ እንደ ነበር በሰሙ ነበር፤ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ዶናልድ ዶንሃምም በ1960ዎቹ ዓ.ም. በስፍራው ተቀምጦ ያጠናውን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጽፎታል።

ወደ ቅዱሳት መጻሕፍትም ብንመለስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው የንግሥት ህንደኬ በጅሮንድ ጃንደረባ ነበረ። ሕገ ኦሪት እንዲህ ያለውን ሰው ከጉባኤ ያርቀው የነበረ ሲሆን፣ ፊልጶስ ግን አብሮት በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን ትንቢት ተረጐመለት እንጂ ሥጋውን አልመረመረም፤ ውኃም ባገኙ ጊዜ አጠመቀው። ጃንደረባና ትራንስጀንደር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ልዩነቱን ሊቃውንት ይተንትኑት። እኔን የሚገደኝ የፊልጶስ ጠባይ ነው።

ይህን ጠባይ በአገራችን በአንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ አይቼዋለሁ፤ የትኛው እንደ ሆነ ብናገር የምሰብከውን ራሴ ባፈረስሁት ነበር። ሴቶች በማድረቂያው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ፍሬ ሲለቅሙ፣ ወላጆቿ በወንድ ስም ያሳደጓት አንዲት ወጣት ሻሽ አስራ መጣች። ልጃገረዶቹ ሲጠቃቀሱ አንዲት አሮጊት ቀና እንኳ ሳይሉ ፈቀቅ ብለው፣ «ነይ ልጄ፣ ወዲህ ቁሚ፤ ይኼኛው ጫፍ ገና አልተነካም» አሏትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲያ የተጠቃቀሰ አልነበረም፤ ቢኖርም እሳቸው በማያዩበት ነው።

ሁሉ ሰው በሁሉ ዘንድ በሚታወቅበት ከተማ ወዳጅነት ከዚህ ይጀምራል፤ ስፍራ በመልቀቅና ገመናን በመሸፈን። በ2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እየተለጠፈ «ደብድቧቸው» የሚል ጥሪ ሲሰራጭ፣ ብዙውን ጉዳት ያደረሰው ሥዕሉን ተቀብሎ ለዘመዱ ያስተላለፈው እጅ ይመስለኛል፤ ያ እጅ ደግሞ የኔም የጎረቤቴም ሊሆን ይችላል። ሕጉን የሚጠቅሱም አሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚቀጣው በአንድ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ድርጊትን ነው፤ ይህ ሕግ የራሱ ክርክር አለው። ሻሽ ማሰርን ግን ወንጀል አላደረገም፤ ይልቁንም ሰውን መደብደብና ስም ማጥፋት በዚያው ሕግ ያስቀጣሉ።

ከሁሉ የሚከፋው እንዲህ ያለ ልጅ ከአባቱ ቤት የሚባረርበት ሌሊት ነው። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ገደብን በሞላት ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ፣ ያላለቀውም ሕንፃ ሳይቀር ማደሪያ ሆኖ፣ ድኻው ከድኻው ጋር ቆጮውን ሲካፈል አይተናልና፣ ለአንድ ልጅ መኝታ የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም። አባትየው ዘንድ ሽማግሌ የሚላክ ከሆነም፣ «ልጁን አስተካክሉልን» ተብሎ ሳይሆን «ልጁን ወደ ቤቱ መልሱልን» ተብሎ ይላክ፤ በሶንጎ፣ ማለት በጌዴኦ የሽማግሎች ሸንጎ፣ የሚቀመጡ አባቶች ከዚህ የባሰ ጠብ ያበረዱ ናቸውና።