ከቀለሙ በፊት ሻንሲው

አሮጌ ፒክአፕ ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የስንት ዓመተ ምሕረት ሥሪት እንደሆነችና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም መቅደም ያለበት ግን ሌላ ነው፤ የት ነው የኖረችው? ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ታቦር ያረጀች የሃምሳ ዓመት ላንድክሩዘር ሻንሲዋ ደኅና ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የእሷ ግማሽ ዕድሜ የሌላት ደግሞ ጨው ስታመላልስ ከርማ ከሥሯ አልቃ ትገኛለች። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፣ ባሌስትራ በሌላ ይተካል። የበሰበሰ ሻንሲ ግን በቀለም አይድንም። ስለዚህ አሮጌ ፒክአፕ መታደስ ያለባት ለምትኖርበት አየር ነው፤ እድሳቱም ከሥር ይጀምራል እላለሁ።

ብረት የሚዝገው ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው። ጨው ሲገባበት ውኃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል፤ በዚህም ዝገቱ ይፈጥናል። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። በሁለት ላሜራ መገጣጠሚያ መካከል ከገባ እያበጠ ላሜራዎቹን ገፍቶ ያላቅቃቸዋል። ከላይ ቀለሙ ተነፍቶ ስናይ ነገሩ ገና የጀመረ ይመስለናል፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩ ፒክአፖች ላሜራቸው እንደ ዛሬዎቹ በዚንክ የተለበጠ ስላልነበረ ከዝገት የሚከላከላቸው ቀለማቸውና የኖሩበት አየር ብቻ ነበር።

ይህን በኪሳቸው የተማሩት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 እና 42 የብርድ ወራት የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በመንገዶቹ ላይ የሚጋገረውን በረዶ ለማቅለጥ ጨው መበተንን መደበኛ አሠራሩ አደረገ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ልማዱ በሰሜኑ ግዛቶች ሁሉ ተዛመተ። ፎርድ ኤፍ-1 የተባለችውን ፒክአፕ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው፤ ሸቭሮሌም ከ1947 እስከ 1955 ድረስ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸውን ክብ ግንባር ፒክአፖች ይሠራ ነበር። እነዚህ መኪኖች እንግዲህ ጨው በሚበተንበት ዘመን ገቡ ማለት ነው። ሚሺጋን፣ ኦሃዮና ሚኒሶታ የኖሩት የጋቢናቸው የታችኛው ማዕዘን፣ ወለላቸውና መርገጫቸው ተበልቶ አለቀ። አሪዞና በረሃ ውስጥ ቆመው የተረሱት ግን ከስንት አሥርት ዓመታት በኋላ ብረታቸው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ፒክአፕ የሚሸጥ ሰው መኪናዋ የደረቅ አገር መኪና መሆኗን አስቀድሞ የሚናገረው፤ ገዢውም ለዚያ ብሎ ተጨማሪ የሚከፍለው።

ዴንቨር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በኮሎራዶ መንገዶች ላይ በረዶ ለመከላከል ከሚረጩት ነገሮች አንዱ ማግኒዥየም ክሎራይድ ነው። ይህ ጨው ከደረቅ አየር እንኳ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ መንገዱ ደርቆም ከመኪናው ሥር ያለው ብረት እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ጨው የጠጣችን መኪና ሳያጥቡ ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ማሳደርም ለእሷ ማሰብ ይመስላል እንጂ ይጎዳታል፤ በረዶው ቀልጦ ጨዋማ ውኃ ይሆንና ሙቀቱ ዝገቱን ያፋጥነዋል። አሮጌ ፒክአፕ የምትወዱ ከሆነ በብርድ ወራት ከጋራዥ አታውጧት፤ ከወጣችም ሥሯን በንጹሕ ውኃ ሳታጥቡ አታስገቧት።

ደረቅ በረሃም የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው ፎኒክስ ፀሐዩ ብረቱን ይተወውና ሌላውን ሁሉ ይበላል። የበርና የመስታወት ጎማ ይሰነጣጠቃል፣ ዳሽቦርዱ ይፈነዳል፣ የወንበሩ ልባስ እንደ ወረቀት ይቀደዳል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሽፋን ደርቆ ይረግፋል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ የተራቆተ ሽቦ መኪና ያቃጥላል። እንዲህም ሆኖ ምርጫ ቢሰጠኝ ያለ ማመንታት ፀሐይ የመታትን እወስዳለሁ። ጎማና ሽቦ ይገዛል፤ ሻንሲ ግን ከተበላ በኋላ የሚሠራለት ጥገና ሁሉ ልጥፍ ነው።

ወደ እኛ አገር ስመለስ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላና በረሃ ብለን የምንከፍለው አየር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይፈራረቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። አንዲት ፒክአፕ በእነዚህ መካከል ስትመላለስ የምትሻገረው አገር ከአሪዞና እስከ ሚኒሶታ ያለውን ያህል ይለያያል። በተለይ ከባድ የሚሆነው ጨውና ዝናብ በየተራ ሲያገኟት ነው። የአፋር ጨው እዚያው ደረቁ አየር ውስጥ እያለ ብዙ አይጎዳም። ነገር ግን የምግብ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ከአየር ውኃ እየሳበ መሟሟት ይጀምራል። ሻንሲ ውስጥ የገባ ጨው ከበረሃ ተጭኖ ደሴ ሲደርስ፣ በሐምሌ ጉምና ዝናብ፣ ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው።

በአንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ያየሁት ይህንኑ ነው። አንድ ወጣት አፍዴራ ጨው ስትጭን የኖረች ነጭ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዝቶ ለቀለም አመጣት። ከላይ ስትታይ ምንም አልነበረባትም። የባትላሜራ ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡና በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከፊት ጀምረው እየመቱ ወደ ኋላ ሄዱ። ፊት ላይ ብረቱ እንደ ደወል ይጮኻል። ከኋላ ጎማ በላይ፣ ሻንሲው ጎብጦ በሚያልፍበት ቦታ፣ ድምፁ ድፍን አለ። እዚያ ላይ ካቻቢቴ ሲያስደግፉበት እንደ ቅጠል የተደራረበ ቡናማ ዝገት ተገምሶ ወረደ፤ በመካከሉም የጨው ፍሬ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የፈለግሁት ቀለሟን ብቻ ነበር» አላቸው።

«ቀለሙ የትም አይሄድም ልጄ። መጀመሪያ የሚሸከመውን እንሥራለት» አሉት።

የእሳቸው አሠራር ለሁላችንም የሚሆን ትምህርት ነው። ሳጥን መሰሉን ሻንሲ በንጹሕ ውኃ ግፊት ከውስጥ አጠቡት፤ የሚወጣው ውኃ እስኪጠራ ድረስ። ፀሐይ ላይ አደረቁት። የተበላውን ቆርጠው በውፍረቱ ልክ በሆነ ብረት በየዱ፤ ከላይ አልለጠፉበትም። በመጨረሻም በውስጡ ሰም የሚሆን መከላከያ ነፉበት። በየጋራዡ የተለመደው የተቃጠለ ዘይት ከሥር መርጨት ነው፤ እሳቸው ግን አይፈቅዱም፤ ዘይቱ የፍሬን ጎማና የባሌስትራ ጎማ ያሳብጣል፣ የቀረውም በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይገባል። ልክ ናቸው።

አየር ማለት ግን እርጥበትና ጨው ብቻ አይደለም፤ ከፍታም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ከተሠሩት ባለ 40 ሥሪት ላንድክሩዘሮች መካከል ባለ ቤንዚኖቹ ነዳጅ የሚያገኙት በካርቡሬተር ነው። ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። አየር ደጋ ላይ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሜታው ያጨሳል። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ስለሚያጣ አዲስ አበባ ላይ አንድ አምስተኛው የለም። ስለዚህ አዋቂ መካኒክ ለደጋ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጂግለር ያስገባል። ችግሩ ያቺው መኪና ወደ አዋሽና አፋር ስትወርድ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ለደጋ የተስተካከለው ነዳጅ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቫልቩ ይቃጠላል። ባለመኪናው ቆላው ሙቀት ነው የጎዳት ይላል፤ የጎዳት ግን ለአንድ አየር ተስተካክላ በሌላ አየር መነዳቷ ነው።

የራዲያተር ክዳንም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ ሲሠራ ወደዚያው ይጠጋል። ጤነኛ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስፕሪንጉ የላላ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ያላት መኪና ግን እንጦጦን ስትወጣ ትፈላለች። ባለቤቷ ራዲያተር ያስበጥሳል፣ ፖምፓ ይቀይራል፣ አንዳንዱም ቴስታታ ያስወርዳል። በደጋ አገር አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስትፈላበት ከሁሉ በፊት ክዳኑን ይመርምር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ እድሳት ማለት በብዙዎቻችን ዘንድ ቀለም ማለት መሆኑ ያሳዝነኛል። ስቱኮ ይሞላል፣ ይሸከሸካል፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ይቀባል፣ ሰፊ ጎማ ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል። ስቱኮ እርጥበት ይይዛል። ከሥሩ ዝገት ካለ ሸፍኖ ያሳድገዋል፤ ከሁለት ክረምት በኋላ ፓራፋንጎው እንደገና ይነፋል። መኪናዋ ከመታደሷ በፊት የነበራት ደኅና ብረት በእድሳት ስም ያልቃል። ይህን የሚያደርጉ ባለሙያዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ባለመኪናው የሚከፍለው ለሚታየው ነገር ስለሆነ ነው። የማይታየውን የሚያሠራ ደንበኛ ሲመጣ የማይታየውን የሚሠራ ጋራዥም ይበረክታል።

«ለምን ይህን ያህል ልፋት? አሮጌ መኪና ነዳጅ ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ አደጋም ናት» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የአደጋውን ነገር እቀበለዋለሁ። የቀድሞዎቹ ፒክአፖች አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ፍሬን ነበራቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አንዲት ቧንቧ ስትፈስ ፍሬናቸው በሙሉ ይጠፋል። ለዚህ ነው ከሻንሲው ቀጥሎ ፍሬኑ ይምጣ የምለው፤ የፊቱን ወደ ዲስክ መለወጥና ሁለት መስመር ያለው የፍሬን ፖምፓ ማስገባት መኪናዋን ከታሪኳ አያጎድላትም፤ ሰው ያድናል። የደኅንነት ቀበቶም እንዲሁ።

የጥቅሙ ነገር ግን ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባትን አክብዶታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ፖሊሲው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ግልጽ የሆነው ነገር አሮጌዎቹ በቁጥር እንደማይጨምሩ ነው። ክትባት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ያደረሱ፣ በስፖንዳቸው ላይ ዘርና ማዳበሪያ፣ ሙሽራና በሽተኛ የጫኑ ፒክአፖች የዚህ አገር የሥራ ታሪክ ናቸው። ወደ ቁርጥራጭ ብረት ተራ የሄደችውን የሚተካት የለም። በሥርዓት የታደሰች ደግሞ ገና ብዙ ዓመት ትሠራለች።

ክረምት ሳይገባ የሚሠራ ሥራ አለ። አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ ሰዎች፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥሯ ግቡ። በሮቿና የጋቢናው ወለል ላይ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ፤ ጭቃ የደፈናቸው ብዙ ናቸው። ጣራው ዙሪያ ባለው ቦይ የተሰነጠቀውን አስደፍኑ። ሻንሲውን በመዶሻ እየመታችሁ ድምፁን ስሙ። ከቆላ ከመጣች ከውስጥ እጠቧት። ወደ ጋራዥ ስትወስዷት ደግሞ ባለሙያውን ቀለሙ ስንት እንደሚፈጅ ከመጠየቃችሁ በፊት ከሥር ያየውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ሻንሲውን አሠሩ፤ ቀለሙ ይቆይ።