ሴራሚክ የተቀባ መኪና በቤት ሲታጠብ

ከዱራሜ ከተማ አንድ አባወራ ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፈውልናል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። አባወራው ዐምና የእቁብ ዕጣ ሲወጣላቸው ከቀድሞ ቁጠባቸው ጋር አስተባብረው በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና ገዙ፤ አዲስ አበባ ሳሉም «ሴራሚክ ኮቲንግ» የሚባለውን ቅብ እንዲያስቀቡ ተመክረው ብዙ ገንዘብ ከፍለው አስቀቡ። «ከእንግዲህ ቆሻሻ አይዛትም፤ ቀለሟም አይጫርም» ተባሉ። ክረምቱ አልፎ ለመስቀል በዓል ፀሐይ ላይ ሲያቆሟት ግን በኮፈኗና በበሮቿ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታየ። በቤታቸው ተቀምጦ የማታ ትምህርት የሚከታተለው፣ መኪናዪቱንም በየሳምንቱ የሚያጥበው ብላቴና በደለኛ ሆኖ ተገኘና ከደመወዙ ሊቆረጥበት ታሰበ። ባለቤታቸው ደግሞ «ልጁ ምን አጠፋ?» ብለው ተከራከሩ። ነገሩ በዚህ ምክንያት ወደዚህ ዐምድ ደረሰ።

ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተገለጠ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ቅቡም አብሮ ይቀርብለታል። በመስከረም ወር ሐድያው ያሆዴን፣ ከምባታውም መሳላን ከወገኑ ጋር ለማክበር ሲል ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ወደ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አስፋልቱ እስከ ከተማው ያደርሰዋል፤ ከከተማው ወደ አባቱ ግቢ የሚያስገባው ግን ብዙውን ጊዜ ቀዩ ያፈር መንገድ ነው። የከተማው ቅብ ከገጠሩ ጭቃ ጋር የሚተዋወቀው በዚያ ነው።

እንግዲህ ቅቡ ምንድር ነው? መሠረቱ ሲሊካ፣ ይኸውም ከአሸዋና ከመስታወት ወገን የሆነው ነገር ነው። በፈሳሽነቱ በመኪናው ቀለም ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ ከላይኛው ቫርኒሽ ጋር ይጣበቃል። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የሰው ጠጕር እንኳ 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል።

የቤት እመቤት ይህን ነገር ከባሏ ይልቅ ፈጥና ታስተውለዋለች። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ከተሟሸ በኋላ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል፤ ምጣዱን በብረት የፋቀችው እንደ ሆነ ግን ማሟሻው ተገፎ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የመኪናውም ቅብ እንዲሁ ነው። ጭቃው አጥብቆ እንዳይይዝ ያደርጋል እንጂ ጭቃው እንዳያርፍበት አያደርግም፤ መፋቅንም አይችልም። የፀሐይ ኀይል ቀለሙን ቶሎ እንዳያደበዝዘው ይረዳል፤ ከሁለት ሺሕ ሜትር በላይ ከፍ ብለው ለተቀመጡት ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ደጋ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ጠጠር ተፈናጥሮ ሲመታው ግን ቅቡም ቀለሙም አብረው ይነሣሉ።

ሻጮች «9ኤች» እያሉ የሚጠሩት የጥንካሬ ቍጥር አለ። ይህ ቍጥር የተወሰደው ከእርሳስ መለኪያ ነው፤ እጅግ ጠንካራ የሆነ የጽሕፈት እርሳስ ቅቡን አልጫረውም ማለት ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ የምትገኘው የአሸዋ ቅንጣት ከማንኛውም እርሳስ የጠነከረች ናት። ቀዩ አፈራችን ደርቆ ሲቦን ለእጅ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፤ በውስጡ ግን ዐይን የማያያት ቅንጣት ተሸሽጋ ትኖራለች። እርስዋን በጨርቅ ሸፍኖ በመኪና ላይ መጎተት በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ለጠያቂያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጭረቱ የመጣው በልጁ እጅ መሆኑ አይካድም፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። በደብዳቤው እንደ ተገለጠው ለብላቴናው የተሰጠው ዕቃ አንድ ባልዲ፣ አንድ የአሮጌ ሹራብ እራፊና የልብስ ዱቄት ሳሙና ነው። የደረቀውን ጭቃ በእራፊው አሸ፤ እራፊውን በዚያው ባልዲ ነከረ፤ በባልዲው ሥር የተጠራቀመውን አሸዋ እያወጣ መልሶ በመኪናው ላይ አዞረው። ትጋቱ በበዛ ቍጥር ጭረቱ በዛ። ባለሙያም ቢሆን በዚህ ዕቃ ሌላ ውጤት ሊያመጣ አይችልም። ደመወዙ ሳይነካ ይሰጠው፤ ይልቅስ ሁለተኛ ባልዲ ይገዛለት። «አይጫርም» ብሎ የሸጠው ሰው ከልጁ ይልቅ የሚጠየቅበት ነገር ነበረው፤ ደግነቱ እንዲህ ያለው ቀላል ጭረት ብዙውን ጊዜ በዐዋቂ እጅ በፖሊሽ ይለቃል፤ በተለቀበት ቦታ ግን ቅቡ አብሮ ስለሚነሣ እንደ ገና መቀባት ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ አጠባው እንግባ። ቅቡ አዲስ ከሆነ በተቀባ በመጀመሪያው ሳምንት ሳሙና አይንካው፤ ገና እየጠነከረ ነውና።

ከዚያ በኋላ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ማሸት ሳይሆን ማርጠብ ነው። ጭቃው የደረቀ እንደ ሆነ መኪናዪቱን ከላይ እስከ ታች በውኃ አርሶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ፣ ቀጥሎም ማንም ጨርቅ ሳያስነካ በውኃ ኀይል ብቻ ማውረድ ያስፈልጋል። በደኅና የተቀባ መኪና ከሆነ ከጭቃው የሚበዛው እጅ ሳይነካው በዚሁ ይወርዳል፤ ገንዘብ የተከፈለበትም ጥቅም ይህ ነው። ጎማና ፓምፕ የሌለው ቤት ገበሬዎች ስንዴያቸውን መድኀኒት የሚረጩበትን በጀርባ የሚታዘል መርጫ ሊጠቀም ይችላል፤ በጥቂት ውኃ ብዙ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን አዲስና ለዚሁ ብቻ የተለየ ይሁን እንጂ መድኀኒት የነካው ከቶ አይሁን፤ ለቀለሙ ሳይሆን ለሚያጥበው ሰው ጤና ስንል ነው።

ሳሙናውን በሚመለከት፣ ሰው ሁሉ በጅምላ ኦሞ የሚለው የልብስ ዱቄት ለመኪና አልተሠራም። አልካሊነቱ የበረታ ስለ ሆነ ሲደጋገም የቅቡን ውኃ የመግፋት ኀይል ያደክመዋል፤ ያልሟሟ ቅንጣትም ይጭራል። በረኪና አይታሰብም። ቀለም ያብለጨልጫል እየተባለ በነጭ ጋዝ የመወልወል ልማድ ካለም ይቅር፤ ብልጭታው የቅባት ነው፤ ወዲያው አቧራ ይሰበስባል። የሚሻለው አሲድነትም አልካሊነትም የማይበዛበት የመኪና ሻምፖ ነው። ሰም የተቀላቀለበትን ሻምፖ ግን አይግዙ፤ ሰሙ በቅቡ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ይሸፍንበታል።

ሁለቱ ባልዲዎች እንዲህ ናቸው። በአንዱ ሻምፖ ያለበት ውኃ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይደረጋል። ማጠቢያው ጓንት ወይም ማይክሮ ፋይበር የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ በሻምፖው ተነክሮ አንድ ክፍል ያጥባል፤ ወደ ሻምፖው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውኃ ታጥቦ አሸዋውን ያራግፋል። ከጣሪያው ተጀምሮ በመስታወቱ፣ በኮፈኑና በበሮቹ ይወረዳል፤ ጭቃ የሚበዛበት የበሩ የታችኛው ጫፍና ፓራፋንጎው መጨረሻ ይሁን። ጎማውና ቸርኬው የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው፤ የፍሬን ብናኝ ያለበት ጨርቅ ወደ በር አይመለስ። እጁ በቀጥታ ይሂድ እንጂ አይዙር፤ መጫን አያስፈልግም። ጨርቁ መሬት ላይ ከወደቀ ያ ጨርቅ ለዚያ ቀን ሥራውን ጨርሷል። መኪናዪቱ የኤሌክትሪክ ከሆነች የመሙያው አፍ ክዳን በደንብ መዘጋቱ ይታይ፤ በኀይል የሚወረወር ውኃም ወደዚያ አይነጣጠር።

ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት አይታጠብም። ሳሙናው በጋለው ቆርቆሮ ላይ ሳይለቀለቅ ይደርቅና ይታተማል። ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ከተቻለም በጥላ ሥር ይሁን። ከተለቀለቀ በኋላም ውኃው ራሱ ይድረቅ ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ ውኃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፤ ነጭ ነጠብጣብ የሚሆነውም እርሱ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ባለ አገር የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛበት ይህ ነገር ይብሳል። ትልቅ የማድረቂያ ጨርቅ በላዩ ዘርግቶ ቀስ ብሎ መሳብ ይበቃል። ነጠብጣቡ አንድ ጊዜ ከያዘ አቸቶ በእኩል ውኃ በጥብጦ በጨርቅ ነካ ማድረግና ወዲያው በብዙ ውኃ ማለቅለቅ ይረዳል።

ውኃን ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቧንቧ በየቀኑ በማይመጣበት ቤት የሚፈስሰው ውኃ ሁሉ አንድ ሰው የተሸከመው ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ አባወራው አይደለም፤ ሴት ልጁ ወይም የቤት ሠራተኛዪቱ ናት። ከላይ በተባለው ሥርዐት ለአንዲት የቤት መኪና ሦስት ጀሪካን፣ ማለትም 60 ሊትር፣ ቢበዛ አራት ይበቃል። ጎማ ከፍቶ ማፍሰስ ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ያባክናል። የእንስራውን ውኃ ለመኪና ከመስጠት በፊት ሰማይ የሚሰጠውን መቀበል ይሻላል። የአገራችን ክረምት ለጋስ ነው፤ በልግም ይዘንባል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ከወረደ በኋላ በበርሜል የተጠራቀመ የቆርቆሮ ውኃ ማዕድን የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከቧንቧው ይልቅ ይመረጣል። እድፉን ወደ ጎረቤት እንሰት ወይም ወደ ወንዝ አለመልቀቅም የመልካም ጉርብትና ነው።

ዕለቱም ይታሰብበት። መኪናዪቱ ለሰንበት ቅዳሴ ንጹሕ ሆና እንድትቀርብ የሚሻ ሰው ዐርብ ከቀትር በኋላ ይጠባት እንጂ የቅዳሴውን ሰዓት በባልዲ አጠገብ አያሳልፍ፤ ብላቴናውንም ከቅዳሴ አያስቀር። በየስንት ጊዜ ይታጠብ ለሚለው፣ ጭቃ ባለበት ወራት በሳምንት፣ በበጋ አቧራ ብቻ ሲሆን በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በመካከሉ በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ «አቧራውን ብቻ» ማራገፍ ብዙ ሰው የሚወደው ልማድ ነው፤ ከሁሉም የሚጎዳው ግን ይኸው ነው።

የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ እስከ ሳምንቱ አይጠበቁም። እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አልብሶ ሲለሰልስ ማንሣት እንጂ በጥፍር መፋቅ አይገባም። በበዓል ቀን የተንጠባጠበ የጧፍ ሰምም ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይለሰልሳል። የቅዱሳንን ሥዕል በተለጣፊ መልክ በመኪና ማድረግ የሚወድ ምእመን በመስታወት ላይ ያድርገው፤ ሙጫው በቀለሙ ላይ ሰንብቶ ሲነሣ ቅቡን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ሥዕሉም ተቀድዶ መውደቁ ደስ አያሰኝም።

ጥቂት ወራት አልፎ ውኃው እንደ ፊተኛው ጊዜ ድቡልቡል እየሆነ መንከባለሉን ቢተው ብዙ ሰው «ቅቡ አለቀ» ብሎ ሁለተኛ ለማስቀባት ይነሣል። መቸኰል አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቅቡ በቆሻሻ ተሸፍኖ ነው እንጂ አልሞተም። በመኪና ሻምፖ በጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ታጥቦ እንደ ገና ይታይ። ከታደሰ፣ በየሦስትና በየአራት ወሩ የሚረጭ የሴራሚክ ማጠናከሪያ ማድረግ ይበቃዋል። ገና በመጀመሪያው ወር በሁለትና በሦስት አጠባ ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ ግን የተሸጠልዎ ሴራሚክ ሳይሆን ሰም ሳይሆን አይቀርም። እውነተኛው ሥራ ቀለሙን ማጽዳትን፣ ጭረቱን ማለሳለስንና ማድረቅን ስለሚጠይቅ ቀን የሚፈጅ ነው፤ በአንድ ሰዓት ጨርሻለሁ ለሚል ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዕቃውን ስምና የዋስትናውን ወረቀት ይጠይቁ።

የማጠቢያና የማድረቂያ ጨርቆቹ ከልብስ ጋር አይታጠቡም፤ ለብቻቸው በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ታጥበው፣ የልብስ ማለስለሻ ሳይነካቸው፣ አቧራ በሌለበት ጥላ ይሰጡ። ሲደርቁ በንጹሕ ከረጢት ታስረው ከባልዲዎቹ ጋር ይቀመጡ።