ዜሮው ምን እያለ ነው?

ጎበዝ፣ እኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ክፉ አመል አለብን። ሎጉ ላይ «ክፍያ፦ 0» አስብለን እናልፋለን። ምን ማለት ነው? አልተከፈለም? ዜሮ ብር? ወይስ እንደ ሊኑክስ ትእዛዝ «በሰላም ተጠናቋል»? (እዚያ 0 የስኬት ምልክት ነው!) ፓይተንና ጃቫ እንኳ ደግ ናቸው፣ ቃል ይጽፋሉ። ሲ ቁጥሩን ይወረውርልሃል። ፒኤችፒ ደግሞ ይባስ ብሎ ሐሰት የሆነውን ባዶ ይተወዋል፤ ምንም!

«እኛ እናውቀዋለን» ትሉ ይሆናል። እስቲ ይፋግ ላይ «የላክሁት ብር የት ገባ?» የሚል ነጋዴ ፊቱ የቆመበትን የሒሳብ ሠራተኛ አስቡት። ያቺን ዜሮ አይቶ ምን ይበለው?

ዳታቤዙ ውስጥ 1 እና 0 ይቀመጥ፣ ጠብ የለኝም። ሲታተም ግን «ተከፍሏል»፣ «አልተከፈለም» ይባል፤ የአንድ መስመር ኮድ ሥራ ነው። «እውነት/ሐሰት» አይበቃም፣ የትምህርት ቤት ፈተና ያስመስለዋል። «ያልተከፈለ፦ ሐሰት» የምትሉ ደግሞ ተዉን! «አልከፈለም?» ስንባል አለመክፈሉን በ«አዎ» የምናረጋግጥ ሰዎች ነን፤ ድርብ አሉታ ተጨምሮበት ማን ይፈታዋል?

«አማርኛ ሎጉን ያበላሻል» የሚለው ሰበብም አርጅቷል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።