«ከ10 ስንት ያምዎታል?» ብቻውን አይበቃም ‼️

ዛሬ ስለ ወገብ ህመም አንድ ሀሳቤን ላካፍላችሁ።

ብዙ ታካሚ ገና ሳይቀመጥ «ዶክተር፣ ኤምአርአይ ልነሳ?» ይላል። እኔ ግን ከፎቶው በፊት ማወቅ የምፈልገው ህመሙ ምን ምን እንደከለከለው ነው።

ኤምአርአይ የዲስኩን ቅርጽ እንጂ ህመምን አያሳይም። ምንም ህመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ ከ3 አንዱ በላይ የዲስክ ማርጀት ይታይበታል። በ80 ዓመት ደግሞ ሁሉም ጋር ማለት ይቻላል!

«ከ10 ስንት?» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሰዎች «7» ይላሉ፤ አንዷ ቆማ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌላው ካልሲውን ማጥለቅ አቅቶታል። ህክምናቸው እንዴት አንድ ይሆናል?

ለዚህ ኦስዌስትሪ የሚባል መጠይቅ አለ፤ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። 10 ነገሮችን ይጠይቃል፦

✅ የህመሙ መጠን
✅ መታጠብና መልበስ
✅ ዕቃ ማንሳት
✅ መራመድ
✅ መቀመጥ
✅ መቆም
✅ እንቅልፍ
✅ የግብረ ሥጋ ግንኙነት
✅ ማህበራዊ ህይወት
✅ ጉዞ

እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ አለው። ድምሩ በ2 ሲባዛ ፐርሰንት ይሆናል። 18 ያመጣ ሰው 36% ነው፤ ይህ መካከለኛ ጉዳት ይባላል። ከሳምንታት ህክምና በኋላ 20% ከገባ በእርግጥም ተሽሎታል። ካልቀነሰ ግን ያንኑ ማስታገሻ ደጋግሞ ከመግዛት ህክምናውን እንቀይር።

«ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜ የለም» ትሉኝ ይሆናል። መጠይቁ እኮ 5 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ወረፋ ስትጠብቁ ይሞላል። ስለ ግብረ ሥጋ መመለስ ያሳፈረው ሰው ይዝለለው፤ ያኔ ድምሩ ከ50 ሳይሆን ከ45 ይሰላል። የኛ ሰው ጀሪካን ያነሳል፣ ታክሲ ውስጥ ተጣቦ ይሄዳል፤ ጥያቄዎቹም በኛ ኑሮ ልክ በአማርኛ ይዘጋጁ እላለሁ።

እስከዚያው ከቀጠሯችሁ በፊት ወገባችሁ የከለከላችሁን 3 ነገሮች ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ኑ። ለምሳሌ «ከ10 ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልችልም»።

🚨 ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም አልወጣ ካለ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየዛለ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካለ ግን መጠይቅም ቀጠሮም አትጠብቁ፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል!

ወገቡን ለሚያመው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት 🙏 መልካም ጤና!