ረግረጉ ሲታረስ ወፉ ሽምብራ ማሳ ይገባል

ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ የሚመጣው መፀው ለገበሬው ፋታ የሚሰጥ ወቅት አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ሰብሉ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማው ይለቀለቃል። ውኃው በሸሸበት ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ በእርጥበቱ የተዘራው ሽምብራና ጓያ ከአፈር ብቅ ብሎ ይታያል። በዚሁ ወቅት ሰማዩም ሥራ አይፈታም። በአውሮፓና በእስያ ብርዱ ሲበረታ ምግብ ፍለጋ የተነሡ አእዋፍ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው በኢትዮጵያ ሐይቆች፣ ረግረጎችና ሜዳዎች ላይ ያርፋሉ።

በአገሪቱ ከ850 በላይ የአእዋፍ ዓይነቶች መኖራቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የመፀውና የበጋ እንግዶች ናቸው። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ጥናት ለአእዋፍ ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ቦታዎች ለይቶ አስታውቋል። ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ ሰው የማይደርስባቸው በረሃዎች ወይም በአጥር የተከለሉ ፓርኮች አይደሉም። ገበሬው የሚያርስባቸው፣ እረኛው ከብት የሚያሰማራባቸው፣ ሴቶች ውኃ የሚቀዱባቸው ቦታዎች ናቸው። በመሆኑም የወፍ ጉዳይ የቱሪስትና የተመራማሪ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አይደለም። የገጠር ልማት ጉዳይም ነው።

በወቅቱ የሚታየውን ለመጥቀስ ያህል፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ክሬን የሚባለው ረጅም አንገትና ረጅም እግር ያለው ግራጫ ወፍ በሺዎች እየሆነ ይሰበሰባል። በዚያው አካባቢ በአናቱ ላይ ወርቃማ አክሊል የደፋው ጥቁር ክሬን ይገኛል፤ ይህኛው መንገደኛ ሳይሆን የአገሩ ነዋሪ ነው። በሐዲያ ዞን በቦዮ ረግረግ ከአገጩ ሥር ሁለት ለምድ መሳይ ሥጋ የሚያንጠለጥለው ትልቁ ክሬን በበጋው ወራት ይሰበሰባል፤ ይህም በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት አንዱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ሽመላዎች በመንጋ ያልፋሉ። በደጋው ሜዳ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የመጡ ንስሮች አይጥ ሲያድኑ ይታያሉ። በአፋር ሜዳ ደግሞ ከባልካን አገሮችና ከቱርክ የሚመጣው ነጭ ጥንብ አንሳ በመቶዎች ሆኖ በኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ያድራል።

እነዚህን አእዋፍ ከማንም በፊት የሚያያቸው ማን ነው? ጥርጥር የለውም፤ እረኛውና ገበሬው ነው። ያየውን የሚጠይቀውና የሚመዘግብለት ግን ብዙ ጊዜ የለም። ለዚህ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ፣ በፓልሚራ ከተማ አቅራቢያ ባለው በረሃ፣ ከዚያች አገር ጨርሶ ጠፍቷል ተብሎ የነበረ አንድ ወፍ ተገኘ። ይህም ሰውነቱ ጥቁር፣ አናቱ ላባ የሌለው፣ ምንቃሩ ቀይና ቆልማማ የሆነው ራሰ በራ አይቢስ ነው። የተገኙት ትልልቅ ወፎች ሰባት ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ ከሶርያ ተነሥተው የት እንደሚከርሙ ለተመራማሪዎቹ እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2006 በሦስቱ ላይ በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ ታሰረ። ወፎቹም በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በኤርትራ በኩል አድርገው ሄደው ሄደው በኢትዮጵያ መካከለኛ ደጋ ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት መገባደጃ የተላከው ቡድን በሥፍራው አገኛቸው።

ተመራማሪዎች በሳተላይት ያገኙት መልስ በደጋው ላይ ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ሰው ዓይን ሊሰወር የሚችል አልነበረም። እረኛው የማያውቀው ያየው ወፍ እጅግ ብርቅ መሆኑን ነው። ተመራማሪው የማያውቀው ደግሞ ወፉ ያለበትን ሥፍራ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ባለመኖሩ ዓመታት አለፉ። በኋላም በሶርያ ጦርነት ተነሣ፤ የፓልሚራው መንጋም መንምኖ ጠፋ። ድልድዩ ቀደም ብሎ ቢኖር ኖሮ ወፉ ይድን ነበር ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ ያልታወቀ ነገር ሊጠበቅ እንደማይችል ግን ግልጽ ነው።

ወደ ጣና ዳር ስንመለስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይገጥማል። በዚያ ወፉ ብርቅ በመሆኑ ሳይሆን በመብዛቱ ነው የሚያነጋግረው። ክሬኑ ማለዳ ካደረበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ተነሥቶ ወደ ማሳ ይሠማራል። ሰብል በተነሣበት ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅምና ትል ሲፈልግ ማንንም አይጎዳም፤ እንዲያውም መሬቱን ያጸዳል። ገና ከአፈር ብቅ ያለ ሽምብራ ባገኘ ጊዜ ግን ቡቃያውን እየነቀለ ዘሩን ይበላል። ገበሬው የበሬ ኪራይ ከፍሎ፣ ዘር ተበድሮ የዘራውን ማሳ አንድ መንጋ በማለዳ ሲያተራምሰው ዝም ብሎ ሊመለከት አይችልም። ልጆች ከትምህርት ቀርተው ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። ይህ የገበሬው ብሶት እውነተኛ ብሶት ነው። ከከተማ ሆኖ «ወፍ አትንኩ» ብሎ መፈክር ማሰማት መልስ አይሆነውም።

መልሱን ለማግኘት ክሬኑ ለምን ወደ ቡቃያው እንደሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጣና በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ሸሸርና ወላላ የሚባሉ ሁለት ረግረጎች አሉ። ክረምት ሲሞላ ከሐይቁ ጋር የሚገናኙ፣ በበጋ ሣርና ውኃ የሚሰጡ ሥፍራዎች ነበሩ። ከጊዜ ወደ ጊዜ ዳራቸው እየታረሰ፣ ውኃቸውም ለመስኖ እየተሳበ እጅግ ጠበቡ። ክሬን ሌሊቱን የሚያሳልፈው ቀበሮና ጅብ በማይደርሱበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው። ሥራ ሥሩንና ትላትሉንም ከረግረጉ ዳር ያገኛል። ማደሪያውና መኖው በጠበበ ቁጥር መንጋው በቀረው ቦታ ላይ ይታመቃል፤ እርሻውም እስከ ውኃው ከንፈር ስለደረሰ ገና ከማደሪያው ሲነሣ የሚያገኘው የገበሬውን ሽምብራ ነው። እንግዲህ ወፉ ወደ ማሳው መጣ ከማለት ማሳው ወደ ወፉ ሄደ ማለት ይቀርባል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ወፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የፎገራ ገበሬ ቀድሞ ውኃ ይተኛበት በነበረው ሜዳ ሩዝ አምርቶ ኑሮውን እንዳሻሻለ አይካድም። የመሬት ጥበትም አለ። ነገር ግን ረግረጉ የወፍ ብቻ ሀብት አይደለም። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ከብቱ የሚሰማራው በረግረጉ ዳር ነው። አምባዛና ቀረሶ የሚራቡት በሐይቁ ዳር ባለው ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ለታንኳ የሚሆነው ደንገል የሚበቅለው በዚያው ነው። ጎርፉ ያመጣውን ደለል አጥሎ ሐይቁን የሚያጣራውም እርሱ ነው። ረግረጉን ያረሰ ገበሬ አንድ ጥማድ መሬት ያገኛል፤ ቀበሌው ግን የጋራ ግጦሹን፣ ዓሣውንና ውኃውን ያጣል። ትርፉ የአንድ ሰው፣ ኪሳራው የሁሉ ይሆናል።

በስምጥ ሸለቆ የአብያታ ሐይቅ የደረሰበት ሁኔታም ከዚህ የራቀ አይደለም። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውኃ ከላይ ለመስኖ ሲቀነስና ውኃው ለሶዳ አሽ ምርት ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱም ጨመረ። በዚህም ምክንያት ዓሣው አለቀ። በጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ ምግባቸውን ከአብያታ ያገኙ የነበሩት ፔሊካኖችም ተመናመኑ። ወፉ የቀነሰው ሐይቁ ከታመመ በኋላ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ የሚመጣውን ወፍ መቁጠር የሐይቁን ትኩሳት እንደ መለካት ነው። ቁጥሩ ሲወድቅ ዓሣ አጥማጁም ገበሬውም ነገ የሚገጥማቸውን ዛሬ ያውቃሉ።

የጣና ክሬን ጉዳይ በሌላ አገርም የታየ ነው። ከፊንላንድና ከባልቲክ አገሮች ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት ክሬኖች ከሚያርፉባቸው ቦታዎች አንዱ በሰሜን እስራኤል የሚገኘው የሁላ ሸለቆ ነው። ያ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ሲባል እንዲደርቅ ተደርጎ ነበር። አፈሩ በመጎዳቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ እንደገና ውኃ ተመለሰለት። ክሬኖቹ በዝተው የለውዝ ማሳ ማበላሸት በጀመሩ ጊዜ ገበሬዎቹና የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ተመካከሩ። ወጪውን ተጋርተው በአንድ በተወሰነ ሥፍራ በቆሎ እየበተኑ ወፉን ከማሳው አራቁት። ይህ ጥሩ ትምህርት ነው። ይሁን እንጂ ሌላም ጎን አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በዚያው ሸለቆ የወፍ ጉንፋን ተነሥቶ ከ5,000 በላይ ክሬኖች ሞቱ። ወፍ በአንድ ቦታ ሲታመቅ በሽታም አብሮ ይታመቃል። ስለዚህ በቆሎ ከመበተን ይልቅ የተፈጥሮ ማደሪያውን ሳይጠብ ማቆየት ይረክሳል፤ ይሻላልም።

ከዚህ ጋር የዶሮ እርባታም ጉዳይ ይነሣል። በሐይቅ ዳር የሞቱ የውኃ ወፎች በብዛት ቢታዩ ለቅርቡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ለዱር ወፍ ከማሰብ ብቻ የመጣ አይደለም። የእማወራዋን የዶሮ ቤት ከበሽታ የማዳን ጉዳይ ነው። የሞተውን ወፍ በእጅ መንካት፣ ለውሻ መስጠት ወይም ወደ ቤት መውሰድ ግን ፈጽሞ አይገባም።

የመርዝ ነገርም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ግሪሳ በማሽላና በስንዴ ላይ ሲወርድ የአየር ርጭት ይካሄዳል፤ ይህም ሊቀር የማይችልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ለዚሁ የሚውለው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ግሪሳውን ብቻ መርጦ አይገድልም። የተመረዘውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትና ንስርም ይሞታል። አንበጣና ተምች የሚለቅመው ሽመላ፣ አይጥ የሚያድነው ንስር ለገበሬው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ርጭት ከመካሄዱ በፊት በአካባቢው የትኞቹ አእዋፍ እንዳሉ ቢታወቅ ጊዜውንና ቦታውን ማስተካከል ይቻላል። ለማወቅ ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ምን ቢደረግ ይሻላል?

አንደኛ፣ በሐይቅና በረግረግ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዝናብ መጠንንና ተባይን እንደሚመዘግብ ሁሉ ለአእዋፍም አንድ ደብተር ሊከፍት ይገባል። የታየበት ቀን፣ ቦታ፣ ግምታዊ ብዛትና ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበረ ከተጻፈ በቂ ነው። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ የሚካሄደው በየዓመቱ በጥር አካባቢ ነው። በጥቅምትና በኅዳር መጥቶ የሚያልፈውን ግን የሚይዘው በቦታው የሚኖር ሰው ብቻ ነው። «የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ አይታወቅም» እንደሚባለው ስሙን መለየት ሊያስቸግር ይችላል። በዚህ ጊዜ መልኩን፣ የምንቃሩን ቅርጽና የእግሩን ቀለም መጻፍ ይበቃል። የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስምም አብሮ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሲታይ የቀለበቱን ቀለምና የሚነበበውን ቁጥር ጽፎ ለወረዳው ማስተላለፍ ይገባል። ቀለበቱ ሀብት ወይም አስማት አይደለም፤ ወፉ ከየት እንደ ተነሣ የሚናገር ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛ፣ ከረግረጉ ውኃ ዳር ጥቂት ስፋት ያለው መሬት ሳይታረስ ለሣር እንዲቀር ቀበሌው በራሱ ሸንጎ ቢወስን ጥቅሙ ሁለት ነው። ሣሩ በጋራ ታጭዶ ለከብት ይሆናል፤ በወፉ ማደሪያና በሽምብራው መካከልም ክፍተት ይፈጠራል።

አራተኛ፣ ሽምብራው ቡቃያ በሆነበት ጥቂት ሳምንታት ጥበቃው በተራ በወል ቢሆን ልጆች ከትምህርት ገበታ አይቀሩም። ሰብል የተነሣበት ማሳ ደግሞ ወዲያው ከመታረስ ይልቅ ጥቂት ቀን ቢቆይ ወፉ የረገፈውን ለቅሞ ከቡቃያው ይርቃል።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቀው ተባብሮ መወሰንን ነው። ክሬን በዓመት የሚጥለው ሁለት እንቁላል ያህል ብቻ ነው። ዛሬ በሺዎች ስለሚታይ ነገም በሺዎች ይመጣል ማለት አይደለም። የፓልሚራው አይቢስ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል። የኅዳር ወፍ አገሯ አንድ አይደለም፤ ግማሹ ዓመት በፊንላንድ፣ ግማሹ በፎገራ ነው። በዚያ ያለው ድርሻውን ቢወጣ፣ በዚህ ያለው ረግረጉን አርሶ ከጨረሰ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ረግረጉ የሚያስፈልገው ለእንግዳው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው። የሽምብራው ማሳ ከወፍ የሚድነው በወንጭፍ ብቻ አይደለም። ውኃው የቀድሞ ቦታውን ይዞ ሲቆይ ነው።